በረካዋን ማን ይቆጥራታል

አጥር ሳጥር አንድ ቋሚ ይጎድለኛል። ሁልጊዜ። በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጣሁ ጀምሮ ስንት አጥር እንዳጠርኩ አላህ ይወቀው፤ የራሴን፣ የጎረቤቴን፣ የመስጊዱን። አንድም ቀን ግን ቋሚው በቅቶኝ አያውቅም። በገመድ እለካለሁ፣ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ሁለቴ አረጋግጬ እቆርጣለሁ፤ መጨረሻው ጥግ ላይ ስደርስ የቆፈርኩት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ባዶውን ይጠብቀኛል። ከዚያ መጥረቢያዬን ተሸክሜ እንደገና ወደ ዛፉ። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። ገና ገመዴን ስዘረጋ ያየኝ ሁሉ «ለአንዷስ መቼ ትሄዳለህ?» እያለ ያልፋል። ሌባ አለ ብዬ የጠረጠርኩበት ዘመን ነበር። አንድ ሰሞን ደግሞ ጅን ነው ብዬ ዱዓ አስደርጌበታለሁ። ዱዓውን ያደረጉልኝ ሽማግሌ የራሳቸውን አጥር እንዳላጥርላቸው አደራ ብለውኝ ነው የሄዱት።

ይህን የማወራው ስለ አጥር ልነግራችሁ ብዬ አይደለም። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ልጅ ልጄ ነው። ግን እሷን ያለ አጥሩ መንገር አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

ልጅቷ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ኩርሙክ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ መንገዱ መንገድ ስላልሆነ በወር አንዴ ከመጣች ደግ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የምታድገው ከኔና ከባለቤቴ ጋር ነው። ሥርዓት ከአያቷ ትማራለች፣ የቀረውን ከኔ። የቀረው ደግሞ ብዙ ነው። እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ። ባለቤቴ በዚህ ስንቴ ተቆጥታታለች መሰላችሁ፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ አንድ ልጅ እንኳ «አንተ» ሲለኝ ገና ጎረምሳ የሆንኩ ስለሚመስለኝ ዝም ብያታለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ብዙ አይርቅም። አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ልጆቹ አንድ ዓመት የሚቀመጡበት ክፍል አለ፤ ዜሮ ክፍል ይሉታል። ጠዋት ጠዋት እዚያ የምትሄደው ከጎረቤቴ የልጅ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ነው። ሌላ ጓደኛ የላትም፤ የፈለገችም አይመስለኝም። አንዷ ከወደቀች ሌላዋ አብራ ታለቅሳለች።

ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መምህሯ አስጠራችኝ። ልጅ እግር ናት፤ ከቡለን በኩል ነው የመጣችው፤ ሰው አክባሪ ናት። ወንበር ሰጥታኝ እሷ ቆማ ነገረችኝ። ልጅቷ ፊደሏን ለይታለች፣ መዝሙሩን ከሁሉ ቀድማ ትይዛለች፣ ቁጥር ላይ ግን አንድ የማይገባት ነገር አለ። አምስት ቆርኪ ፊቷ ተደርጎ ስንት ነው ስትባል አራት ትላለች። አምስት ቆርኪ አምጪ ስትባል ደግሞ ስድስት ታመጣለች። ስትቆጥር ይጎድላታል፣ ስታመጣ ይተርፋታል።

«አባባ፣ ዝም ብላ ብትሳሳት ባልጨነቅኩ ነበር» አለችኝ። «ግን ሁልጊዜ በአንድ ነው። አንድም ቀን በሁለት ተሳስታ አታውቅም።»

እኔ በልቤ «ኧረ ይህስ የኔ ደም ነው» አልኩ። የባዶው ጉድጓድ ነገር መጣብኝ። መምህሯ ቀጥላ ሳትፈልግ የነገረችኝ ግን ሳቄን ወሰደው። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፤ ቁጥሩን ካልያዘች የሚመጣውን ዓመትም እዚያው ዜሮ ክፍል ትደግማለች። ጓደኛዋ ግን ታልፋለች።

ልጅቷ ለካ በሩ ጋ ቆማ ሰምታለች። ወደ ቤት ስንሄድ ግማሽ መንገድ ላይ «ብቻዬን ነው የምቀመጠው?» አለችኝ። እኔም አብሬሽ እቀመጣለሁ፣ የኔን ቁጥር ካዩ እምቢ አይሉኝም አልኳት። አልሳቀችም። በማያስቅ ቦታ መቀለድ የቆየ በሽታዬ ነው።

እንግዲህ አስተማሪው እኔ ሆንኩ። ማን ይሁን ታዲያ? እኔ ቁጥር የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያም የቀረኝ የጠመኔው ሽታ ነው። ደብተር ሳይ እንቅልፌ ስለሚመጣ ደብተር አላወጣሁም። ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ሰሌን አነጠፍኩና የቤቱን ኮተት ሁሉ ሰበሰብኩ፤ ማንጎ፣ የማንጎ ዘር፣ ጣሳ፣ ገመድ፣ የቀርከሃ ቁራጭ።

የመጀመሪያው ቀን ሚዛን ሠራንበት። አንድ ቀርከሃ መሀሉን አስሬ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልኩና ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ጣሳ አሰርኩ። በአንዱ ጣሳ ትልቅ ማንጎ፣ በሌላው ትንሽ። ትልቁ ወረደ። ትንሽ ጨመረች፤ አሁንም ትልቁ ከባድ። ሦስተኛ ትንሽ ስትጨምር ያኛው ወረደ። አውጥታ አስባ አስባ፣ ሁለቱን ትንንሾች ትታ በሦስተኛው ፋንታ ቅጠል ጨመረች፣ ከዚያ ሌላ ቅጠል፣ ከዚያ ትንሽ ጠጠር፤ ቀርከሃው ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቷ ቦግ ብሎ በራ። በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ጣሳ እኩል ቆሞ ለማየት እንደዚያ የጓጓሁት ምን ሆኜ ነው?

በማግስቱ ቀርከሃ ሰንጥቄ ቅርጫት ጀመርኩላት፤ ሁለት በላይ፣ አንድ በታች፣ ሁለት በላይ፣ አንድ በታች። አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና ጣቷን ከአራት ረድፍ በፊት ያለው ቦታ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ዋሽተሃል» አለችኝ። አየሁት፤ ዋሽቻለሁ። አራት ረድፍ ፈታሁ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ማንጎ አድርሺ ስላት ደግሞ ሳትቆጥር፣ ሳትሳሳት ለሁሉም ታደርሳለች። ታዲያ የዚህች ልጅ ጭንቅላት የት ላይ ነው የጎደለው?

በሦስተኛው ቀን ሰባት ማንጎ ፊቷ ደረደርኩ። ስንት ነው? ስድስት አለች። እኔ ቆጠርኩ፤ ሰባት። ድገሚ አልኳት፤ ስድስት። ነገሩ ማንጎ ስለሆነ አንዱን በልታው ይሆን ብዬ አፏን አሸተትኩ። ባለቤቴ ወዲያ ተቀምጣ ለውዝ እየፈለፈለች ነበር።

«አንቱ ሰውዬ፣ አፏን ከሚያሸቱ እጇን ቢያዩት ምን አለ?» አለችኝ።

እጇን አየሁ። የመጀመሪያውን ማንጎ ታነሳና ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ለብቻው ወደ ግራዋ ታስቀምጠዋለች። ቁጥር አትሰጠውም። ከዚያ ሁለተኛውን ታነሳና «አንድ» ትላለች።

«ያቺስ?» አልኳት ወደ ግራዋ እያሳየሁ።

«እሷማ በረካ ናት» አለችኝ። ሞኝ እንደሚያዩ ነው ያየችኝ።

ይህን ጊዜ ነው የሆነው ሁሉ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ማሽላችንን ወቅተን ስንሰፍር የመጀመሪያዋን ጣሳ አንድ አንላትም። «በረካ» ብለን ለብቻዋ ቅርጫት ውስጥ እናፈሳታለን። እሷ የኛ አይደለችም፤ በሩን አንኳኩቶ ለመጣ፣ በመንገድ ላለፈ ሰው የምትሰጥ ናት። አንድ ተብሎ የሚጀመረው ከሁለተኛዋ ጣሳ ነው። አንዳንድ ሰው በረካዋን ከከረጢቱ ጋር ይቀላቅላታል፤ በአባቴ ቤት ግን ቁጥር ውስጥ አትገባም ነበር። በኔም ቤት አትገባም። ልጅቷ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ቅርጫቷን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ማንም ሰው መቁጠር ሳያስተምራት በፊት መቁጠር የተማረችው ከጉልበቴ ሥር ቁጭ ብላ ነው። ለካ ሰባቱን ስድስት ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

ስለዚች በረካ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ እዚህ ስንመጣ ከጎረቤቴ ጋር መግባቢያ አልነበረንም። እሱ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ነው፤ እኔ አፈሩን እንኳ የማላውቅ ሰፋሪ። ሰላምታ ተሰጣጥተን እንደ ሁለት በሬ ተያይተን እንለያያለን። የመጀመሪያውን ማሽላ ስሰፍር በአጥሩ በኩል ቆሞ ያየኛል። እኔም ሥርዓቱ ነውና ቅርጫቷን አንስቼ ሰጠሁት። ቅርጫቷን አየ፣ ከረጢቱን አየ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ «በረካ» አለ። እሱም ከአባቶቹ የያዘው ቃልና ሥራ ነው። ሁለታችንም ያለን የጋራ ቃል ያቺ ብቻ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ጎረቤት የሆንነው በሷ ነው።

አሁን ይህችን ቃል ከልጅቷ አፍ ላወጣት ተነሳሁ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። «የኔ ሸጋ፣ ይኼ ማሽላ አይደለም። ከመጀመሪያው አንድ ብለሽ ጀምሪ» አልኳት።

«በረካዋን?»

«አዎ፣ እሷንም።»

«ታዲያ ለመጣ ሰው ምን እንሰጠዋለን?»

መልስ የጠፋው ሰው ዝም አይልም፤ «ትምህርት ቤት በረካ የለም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማኝ። ባለቤቴ መፈልፈሏን አቁማ «አስተግፊሩላህ» አለች። ልጅቷ ማንጎዎቹን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ተነስታ ሄደች። ለሷ ለካ የመጀመሪያዋን መቁጠር ማለት የሰው ድርሻ መንጠቅ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የባሰ መጣ። በሚቀጥሉት ቀናት ደረጃ አስቆጠርኳት፣ የቀርከሃ ቁራጭ አስቆጠርኳት፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። መጀመሪያ ላይ እያነባች ከሁለተኛው ትጀምር ነበር። ቆይታ ጭራሽ መቁጠር አቆመች። ስንት ነው ስትባል ከንፈሯን ትነክሳለች። አንድ ይጎድላት የነበረችው ልጅ በኔ አስተማሪነት ሁሉም ጠፋባት። አስተማሪ ሆኜ ደመወዝ ቢኖረኝ ይቀጡኝ ነበር።

ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አወራሁት። በሳቅ ሊሞት። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ልጅቷንም፣ ሚስቴንም፣ ፍየሌንም «እሱ» ነው የሚላቸው። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ከሱ ቋንቋ ሰላምታ ብቻ ስለያዝኩ ልስቅበት አልችልም። የሱ የልጅ ልጅ እንዴት ቁጥር ያዘች ብዬ ብጠይቀው፣ አባቷ ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ከጣሳ ይልቅ ሚዛን እያየች እንዳደገች ነገረኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና «ሸሪክ፣ ልጅ እሱ አልተሳሳተም» አለኝ። «አንተ የተናገርከውን ያዘ። ለመጣል ነው የሚከብደው።»

ጥያቄው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ፍየሏ የፊቱን አጥር ጥሳ ገባች። አጥሩ በምስጥ አልቆ ኖሯል፤ ገፋ ስታደርገው ተኛላት። ጎመኑን ጨረሰችው። በቃ፣ ቁጥሩን ለአላህ ትቼ አጥሬን ላጥር ብዬ ገመዴን አወጣሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ልክ አሥር ገመድ ሆነ። በየገመዱ አንድ ብዬ አሥር ቋሚ ቆርጬ፣ ልጬ ደረደርኳቸው። ጎረቤቴ ጥላው ሥር በርጩማውን አምጥቶ ተቀመጠ፤ ሌላ ሰው ኳስ እንደሚያይ እሱ የኔን አጥር ያያል።

ልጅቷ ገመዱን ያዥልኝ ብዬ ጠራኋት። መቁጠር እንደሌለበት ምዬላታለሁ። ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ምልክት አድርጊ ብዬ በጨርቅ የማንጎ ዘር ቋጥሬ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ጥግ ላይ አንድ ዘር አስቀመጠች። ከዚያ በእጇ መታ መታ አድርጋ «በረካ» አለች። ስንት ቀን ዘግታው የነበረው አፏ ሲከፈት እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ሌላ አየሁ። ገመዱን ዘረጋን፤ ጫፉ ላይ ዘር አስቀመጠች፤ «አንድ»። እንደገና ዘረጋን፤ «ሁለት»። እንዲህ እያልን ሄደን ሄደን ወዲያኛው ጥግ ስንደርስ የመጨረሻዋን ዘር አስቀምጣ «አሥር» አለች። ልክ ነበረች። አሥር ገመድ ነው።

ቋሚዎቹን ከመጀመሪያው ጥግ ጀምሬ መትከል ጀመርኩ። ዘሩን አነሳለሁ፣ እቆፍራለሁ፣ ቋሚ አቆማለሁ፣ እረግጣለሁ። ጎረቤቴ በርጩማው ላይ ተመቻችቶ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። አሥረኛውን ቋሚ አቁሜ ላቤን ጠርጌ ቀና ስል፣ ወዲያ ጥግ ላይ አንዲት የማንጎ ዘር ብቻዋን ተቀምጣለች። ቋሚ የለም።

«ዛሬ ጅን በጊዜ መጣ» አለ ጎረቤቴ።

መጥረቢያዬን ለማንሳት ጎንበስ ስል ልጅቷ ቋሚዎቹን በዓይኗ እያየች «አባባ፣ የበረካዋን ቋሚ አልቆረጥክም» አለችኝ።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ወደ መጀመሪያው ጥግ አየሁ። አሥር ገመድ ማለት ለካ አሥር መሀል ነው። ከመጀመሪያው መሀል በፊት ግን አንዷ መቆም አለባት፤ ገመዱ ከሷ ነው የሚነሳው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሀሉን ቆጥሬ ቋሚ ቆርጫለሁ። ያቺን ከቁጥሩ በፊት ያለችውን አንድም ቀን ቆርጬላት አላውቅም። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ገልጬ አየሁ፤ ጣቱ አምስት፣ መሀሉ አራት። ከኔው ጋር ተወልዶ፣ ከኔው ጋር ሲበላ ሲጠጣ የኖረ እጅ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። እንዴት ሳላስተውለው ኖርኩ?

ጎረቤቴ ምን እንደነካኝ ሊያይ ተነስቶ መጣ። ጣቴን አሳየሁት። የራሱን ዘረጋ። ከዚያ አላመነም፤ የራሱን አጥር ሊቆጥር ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሁለት ሽማግሌ አንዱ ቋሚ እየነካ፣ አንዱ መሀል እየነካ መንገድ ለመንገድ ስንሄድ ያየ ሰው ምን እንዳለን አላውቅም። የትም ሄድን የት ቋሚዋ በአንድ ትበልጣለች። ጎረቤቴ መጨረሻ ላይ ቆሞ «ሱብሃናላህ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ መስጊድ ውስጥ እንደሚባለው።

ስመለስ ልጅቷ ዘሯ አጠገብ ተቀምጣለች። ያዘነች ትመስላለች።

«ስላልቆጠርካት ጫካ ቀረች» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሌላ ጊዜ ትስቃለች። «ብንቆጥራት ኖሮስ?»

«ትመጣ ነበር።»

«ከተቆጠረች ግን በረካነቷ አይቀርም?»

ይህን የጠየቅኳት ላስተምራት ብዬ አልነበረም። እውነቴን ነው፣ አላውቀውም ነበር። ተነስታ እስከ መጀመሪያው ጥግ ሮጠች። ቋሚዋን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀቻት። ቀና ብላ ጫፏን አየች። ከዚያ ከዚያው ሆና ጮክ ብላ «አይቀርም፤ መጀመሪያ የቆመችው እኮ እሷ ናት» አለችኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ብዙ ሞክሬ አላውቅበትም። ጠዋት ስትወጣ አይተኸው የማታውቀው ተራራ ደጅህ ላይ ቆሞ ብታገኘው፣ ደግሞም ሁልጊዜ እዚያው እንደነበረ ብታውቅ፣ እንደዚያ ነው።

በቀሩት ቀናት ጨዋታችን አንድ ሆነ። እኔ አንድ ነገር አሳያታለሁ፣ እሷ መጀመሪያ ትጠይቀኛለች፤ ቋሚውን ነው ወይስ መሀሉን? ቋሚውን ካልኳት በረካዋም እንዳትቀር ከሷ አንድ ብላ ትጀምራለች። መሀሉን ካልኳት በረካዋን ነክታ ታልፋለች። ቀርከሃ ሰጠኋት፤ ቋጠሮውንና በቋጠሮዎቹ መሀል ያለውን ለየብቻ ቆጠረችው። ደረጃውን፣ የጆሮዋን ጨሌ፣ የሰሌኑን ጥለት፣ ሁሉን ቆጠረችው። አያቷ ጫጩቶቹን ብቻ ከለከለቻት፤ ነፍስ ያለው አይቆጠርም አለች፤ ዓይን ይገባዋል። ልጅቷ ከኔ ጋር ተያየች። ጫጩቶቹን በሆዷ እንደቆጠረቻቸው ከዓይኗ አውቄአለሁ።

የጥያቄው ቀን አብሬያት ሄድኩ። መምህሯ አንድም ቃል እንዳልናገር ነግራኝ ጥግ ላይ አስቀመጠችኝ፤ የልጆቹ ወንበር ስለሆነ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ጓደኛዋ ቀድማ ተጠይቃ አልፋለች፤ በመስኮቱ በኩል አፍንጫዋን ተጭና ታያለች። መምህሯ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ቆርኪ አፈሰሰችና «ሰባት ስጪኝ» አለች።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ቲቸር፣ በረካዋም አብራ ትቆጠር?» አለች።

መምህሯ ወደኔ አየች። እኔ አፌን በእጄ ይዣለሁ። በሕይወቴ ዝም ለማለት እንደዚያ ደክሜ አላውቅም።

«ሁሉም ይቆጠር» አለች መምህሯ፣ ምን እንደተጠየቀች ሳይገባት።

ልጅቷ የመጀመሪያዋን ቆርኪ አነሳች። ያዘቻት። እንደኔ ግምት አንድ ዓመት ያህል ያዘቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ መታ መታ አደረገቻትና «አንድ» አለች። ሁለት። ሦስት። ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰባት ነበር። በመስኮቱ በኩል ሳቅ ሰማሁ።

ነገሩ እዚያ አላለቀም። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ቆርኪ ለይታ አነሳችና በመምህሯ መዳፍ ላይ አደረገችላት። «ይቺ ያንቺ ናት» አለቻት።

መምህሯ ቆርኪዋን ጨበጠች። «አሁንስ ስንት ቀረ?»

«ስድስት» አለች፣ ቆርኪዎቹን ሳታያቸው። «ከበረካዋ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

መምህሯ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ያቺን ቆርኪ ከሌሎቹ ጋር አልመለሰቻትም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከታት አይቻለሁ።

አንደኛ ክፍል ከጓደኛዋ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሳምንት አልፎ፣ ፍየሏ አዲሱን አጥር ዙሪያውን ስለምትፈትሸው፣ ለብቻዋ በረት ልሠራላት ወሰንኩ። ክብ በረት። በገመዴ ለካሁት፤ ዙሪያው አሥር ገመድ ሆነ። ከእንግዲህ የሚያሳስተኝ የለም ብዬ አሥራ አንድ ቋሚ ቆረጥኩ። ለጎረቤቴም በርጩማውን እንዳያመጣ ነገርኩት፤ የምታየው የለም አልኩት።

ልጅቷ ከነዩኒፎርሟ ከትምህርት ቤት ስትደርስ ተክዬ ጨርሻለሁ። በረቱ ሙሉ ነው፣ ቀዳዳ የለውም። በእጄ ግን አንድ ቋሚ ተርፋለች። እሷን ይዤ በረቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። የሚገባበት ቦታ የለም።

ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ አንድ ጊዜ ቋሚዎቹን በጣቷ እየነካች ዙሪያውን ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁት ያን ጊዜ ቀርከሃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየሁትን ነው።

«አባባ፣ ይኼኛው ይዞራል እኮ» አለችኝ። «መጨረሻዋ ተመልሳ በረካዋ ጋ መጣች።»

የተረፈችውን ቋሚ ተሸክሜ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። በትከሻዬ ላይ ያለውን ሲያይ ተነሳ።

«ሸሪክ፣ ዛሬ ተረፈ?» አለኝና ሰማዩን አየ፤ ሌላም የሚገለባበጥ ነገር ካለ ብሎ መሰለኝ።

ቋሚዋን ግድግዳው ላይ አስደግፌለት «በረካ» አልኩት።